ድጋፉ እስከ መኖው ይዝለቅ

ለኢፌዴሪ ግብርና ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን
ለክልል ግብርና ቢሮዎች
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለእንቁላል ምርት የሚደረገው ድጋፍ ከጫጩት ሥርጭት አልፎ መኖን፣ ክትባትን፣ ገበያንና ብድርን እንዲያካትት ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በቢሾፍቱ ዙሪያ እንቁላል ጣይ ዶሮ ከሚያረቡ አነስተኛ አርቢዎች አንዱ ሆኜ ነው። የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ ሲደረግ ከልባቸው ከተደሰቱት ሰዎች መካከል ነበርኩ። በአገራችን ዶሮ ለዘመናት የጓሮ ነገር፣ የሴቶች የጨውና የበርበሬ መግዣ ተደርጋ ኖራለች። በሬ ሲታመም ሐኪም የሚጠራ አባወራ ዶሮ ስትታመም ቢላ ነበር የሚያነሳው። እንቁላል ከወተት፣ ከማርና ከዓሣ ጋር እኩል በመንግሥት ዕቅድ ውስጥ ስሙ ሲጠራ መስማት ለእኛ ትልቅ ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህም የተሻሻለ ዝርያ ጫጩት ቀድሞ ደርሶባቸው በማያውቁ ቀበሌዎች ደርሷል። ይህን ማንም ሊክደው አይገባም።

የምጽፈው ግን ጫጩቶቹ ከደረሱ በኋላ ስለሚሆነው ነው። ከካርቶኑ ወጥተው መሬት ከነኩበት ቀን አንሥቶ የመጀመሪያዋ እንቁላል እስክትለቀም ድረስ ብዙ ሳምንታት አሉ። ድጋፉ የሚያልቀው እነዚህ ሳምንታት ሲጀምሩ ነው።

በሰፈራችን ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ አንዲት እናት አለች። የአርባ አምስት ቀን ጫጩቶች ተሰጥተዋት፣ ሃያ አምስት፣ ካርቶኑን ታቅፋ ስትመጣ ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ብሏታል። በእንጨትና በቆርቆሮ ቁራጭ ቤት ሠራችላቸው። ከጫጩቶቹ ጋር የተሰጣት መኖ ወሩ ሳይሞላ አለቀ። ሌላ ለመግዛት አቅም ስላልነበራት የወፍጮ ቤት ጥራጊ፣ ፉርሽካና የእንጀራ ፍርፋሪ ታበላቸው ጀመር። ጫጩቶቹ ቄብ ሆኑ፤ ግን ደረታቸው እንደ ቢላ ስለት ቀጥኖ፣ ጀርባቸው ተመልጦ፣ አንዷ የሌላዋን ላባ እየነቀለች። የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ፈንግል ገባ። ጠርታኝ በማለዳ ሄድኩ። ሦስቱ ግድግዳ ተጠግተው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ አንዷ አንገቷ ወደ ኋላ ተጠምዝዞ ባለችበት ትዞራለች፤ ወለሉ በአረንጓዴ ኩስ ተበላሽቷል። ሳምንት ሳይሞላ የተረፉት አራት ብቻ ነበሩ። ክትባት ተከትበው እንደሆነ ጠየቅኋት፤ የሰጣት ሰው ስለ ክትባት አንድም ቃል አልነገራትም፣ የያዘችው ወረቀትም የለም።

በወረዳው ሪፖርት ላይ ሃያ አምስቱም ጫጩት እንደተሰራጨ ተመዝግቧል። ስለሞቱት የሚጠይቅ ቦታ ቅጹ ላይ የለም። የዚህ ደብዳቤ ጭብጥም እዚሁ ላይ ነው፦ የሚቆጠረው የታደለው ጫጩት እስከሆነ ድረስ ባለሙያውም፣ በጀቱም፣ መኪናውም የሚሮጠው ጫጩት ወደ ማደል ነው። እንቁላሉን የሚከታተለው ሰው የለም።

ዝርያ ማሻሻል አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ የ2013 ዓ.ም. የናሙና ጥናት አገሪቱ ወደ 57 ሚሊዮን ዶሮ እንደነበራት ያሳያል፤ ከዚህም ወደ 79 በመቶ የሚጠጋው የሐበሻ ዶሮ ነበር። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፣ ታቅፋ ትፈለፍላለች፣ ራሷን ከጭልፊት ትጠብቃለች፣ የምትበላውንም ጭራ ታገኛለች። እንቁላል እንድትጥል ተብሎ የተዳቀለችው የውጭ ዝርያ በዓመት 280፣ 300 እና ከዚያም በላይ ትጥላለች። ልዩነቱ ዓይን ይስባል፤ ዕቅድ አውጪ ሁሉ ይህን ቁጥር አይቶ ቢጓጓ አልፈርድም። ነገር ግን ይህች ሁለተኛዋ ዶሮ ጭራ አትኖርም። ሦስት መቶ እንቁላል የምትጥለው የሦስት መቶ እንቁላል መኖ ስታገኝ ብቻ ነው። ሳይበላ የሚጥል ዝርያ እስካሁን አልተገኘም። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ያሉት አባቶቻችን የሥራውን ዋና ነገር ጨርሰውታል።

ሒሳቡን በመቶ ዶሮ ላሳያችሁ። አንድ እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች። መቶዎቹ በቀን ወደ አሥራ አንድ ኪሎ ተኩል ይጨርሳሉ፤ አንድ ኩንታል ዘጠኝ ቀን አይደርስም። ከመቶው ሰማንያ አምስቱ በየቀኑ ከጣሉ፣ አንድ እንቁላል 135 ግራም ያህል መኖ ወጥቶባታል ማለት ነው። መኖው ፕሮቲን ጎድሎት የሚጥሉት ወደ ስድሳ ሲወርዱ ግን የሚበሉት ያንኑ አሥራ አንድ ኪሎ ተኩል ነው፤ ስለዚህ አንድ እንቁላል 190 ግራም ገደማ ትበላለች። አርቢው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ርካሽ መኖ የገዛ መስሎት ውድ እንቁላል ያመርታል። ከማምረቻ ወጪያችን ከ60 እስከ 70 በመቶው መኖ መሆኑን ከእናንተ ባለሙያዎች የተሻለ የሚያውቅ የለም።

በዚህ ላይ ከመጀመሪያዋ እንቁላል በፊት የሚወጣ ወጪ አለ። ጫጩት ከተፈለፈለችበት ቀን እስከ ሃያኛው ሳምንት ድረስ ሰባት ወይም ስምንት ኪሎ መኖ ትበላለች። ለመቶ ጫጩት ሰባት ስምንት ኩንታል መኖ ማለት ነው፤ አንድ እንቁላል ሳይለቀም። ጫጩት በነፃ ወይም በቅናሽ የተሰጠው ወጣት ይህን ከየት ያመጣል? አብዛኛው ዶሮዎቹን በሦስት ወራቸው ለሥጋ ይሸጣቸዋል። ያለፈው ዓመት የገና ገበያ ላይ ገና እንቁላል ያልጣሉ፣ አናታቸው ላይ ያለው አበባ ያልቀላ የእንቁላል ዝርያ ቄቦች እየተሸጡ ሳይ የማን ገንዘብ እየታረደ እንደሆነ ገባኝ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ልመናዬ ይህ ነው፦ ለአንድ ቤተሰብ ሃያ አምስት ጫጩት የሚሰጥበት ገንዘብ ካለ፣ አሥር ጫጩት ከሃያ ሳምንት መኖ ጋር ይሰጥ። ቁጥሩ ያንሳል፤ ለሪፖርት አይመችም። እንቁላል ግን የሚገኘው ከአሥሩ ነው።

መኖ ውድ የሆነበት ምክንያትም በከፊል በእጃችን ያለ ነገር ነው። ሶያ በፓዌ፣ በአሶሳ፣ በወለጋና በጅማ አካባቢ ይመረታል፤ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩልም ይገበያያል። ብዙው በጥሬው ወደ ውጭ ይጫናል። አገሪቱ ዶላር እንደምትፈልግ ይገባኛል። ነገር ግን ሶያ በጥሬው ሲወጣ ዘይቱም፣ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎውም አብሮ ይወጣል። ከዚያ የምግብ ዘይት በዶላር እንገዛለን፣ ዶሮዎቻችን ደግሞ የፕሮቲን ያለህ ይላሉ። በ2013 ዓ.ም. በቡሬና በደብረ ማርቆስ ትልልቅ የዘይት ፋብሪካዎች ሲመረቁ እኛ አርቢዎች ዘይቱን ብቻ ሳይሆን ፋጉሎውን ነበር ያሰብነው። ፋብሪካ በቂ ጥሬ ዕቃ አግኝቶ በሙሉ አቅሙ ቢጨምቅ የከተማው ሰው ዘይት፣ ዶሮዋ ፋጉሎ፣ ሕፃኑ እንቁላል ያገኛል። ግብርና ሚኒስቴር ከንግድና ከኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤቶች ጋር ተቀምጦ ከሶያው ምን ያህሉ አገር ውስጥ መጨመቅ እንዳለበት ቢወስን፣ አንድ ሚሊዮን ጫጩት ከማደል የበለጠ ለእንቁላል ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ከውጭ የሚመጣው ነገር ነው። ፕሪሚክስ የሚባለው የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቅ፣ ላይሲንና ሜታዮኒን የተባሉት አሚኖ አሲዶችም በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡ ናቸው። በኩንታል መኖ ውስጥ የሚገቡት በግራምና በጥቂት ኪሎ ነው፤ ሲጎድሉ ግን ሙሉው ኩንታል ይባክናል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ አሠራሩ ከተለወጠ ወዲህ ብር ሲዳከም ዋጋቸው አብሮ ወጥቷል። ቀድሞ ለመድኃኒት ይሰጥ የነበረው ዓይነት ቅድሚያ ለእነዚህም ቢሰጥ የሚጠይቀው የዶላር መጠን ትልቅ አይደለም።

ብዙዎቻችን መኖውን ራሳችን ነን የምናቀላቅለው። ሸራ ዘርግተን በቆሎውን፣ የኑግ ፋጉሎውን፣ ፉርሽካውን በአካፋ እያገላበጥን፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄትና ጨው እየነሰነስን። ፕሪሚክሱን በመጀመሪያ ከጥቂት የበቆሎ ዱቄት ጋር በእጃችን አሽተን ነው የምንበትነው፤ አለዚያ አንድ ጥግ ተከማችቶ ይቀራል። ካልሲየም ሲያንስ እናውቃለን፤ ቅርፊቱ በጣት ሲነካ ይሰረጉዳል። ፋጉሎው ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ መኖሩን ግን በምን እንለየው? የገዛነው ፋጉሎ አሸዋ ወይም ገለባ ተቀላቅሎበት ፕሮቲኑ በግማሽ መውረዱን በምን እንወቀው? የግብርና ባለሥልጣኑ መኖን የመቆጣጠር ሥልጣን አለው። እኛ የምንፈልገው አርቢ አንድ ኪሎ ናሙና ይዞ በተመጣጣኝ ክፍያ የሚያስመረምርበት፣ ውጤቱንም መኖው ተበልቶ ከማለቁ በፊት የሚያገኝበት ላቦራቶሪ በየክልሉ እንዲኖር ነው። ያጭበረበረ ነጋዴ የሚቀጣውም ያኔ ነው፤ ዛሬ ማስረጃ የሚባል ነገር በእጃችን የለም።

ስለ ክትባት ረጅም አልጽፍም፤ ምክንያቱም መፍትሔው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። የፈንግል፣ የጉምቦሮና የዶሮ ፈንጣጣ ክትባቶች ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታሉ። ሙቀትን የሚቋቋም፣ በዓይን ጠብታ የሚሰጥ የፈንግል ክትባትም አለ። ችግሩ ብልቃጡ ነው። አንድ ብልቃጥ ብዙውን ጊዜ ለመቶና ለመቶዎች ዶሮ ታስቦ የተዘጋጀ ነው፤ ከተከፈተ በዚያው ቀን ማለቅ አለበት። አሥር ዶሮ ያላት እናት ለመቶ የሚሆን ገዝታ ዘጠናውን ልትደፋ አትችልም፤ ስለዚህ አትገዛም። በየቀበሌው ሁለት ወጣቶች ሠልጥነው፣ በረዶ ሳጥን ተሰጥቷቸው፣ በታወቀ ቀን ቤት ለቤት እየዞሩ በዶሮ ጥቂት ሳንቲም እያስከፈሉ ቢከትቡ ለወጣቶቹም እንጀራ ይሆናል። ያልተከተበ ጫጩት በመንግሥት ስም ባይሰጥስ? ይህ አንድ መመሪያ ብቻ ነው የሚፈልገው። ቀደም ብዬ ያነሣኋት ያቺ ጎረቤቴ ያጣችው ዶሮዎቿን ብቻ አይደለም፤ ዛሬ ጫጩት እንስጥሽ ቢሏት እንቢ ትላለች።

አሁን ደግሞ ከውጭ የመጣ የርባታ መመሪያ የማይጽፈውን፣ የእኛ አገር አርቢ ግን በየዓመቱ የሚጋፈጠውን ነገር ላንሣ። ዶሮ አትጾምም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የነቢያት፣ የሐዋርያት፣ የፍልሰታ፣ ረቡዕና ዓርብ ሲታከሉ እንቁላል የማይበላበት ጊዜ የዓመቱን ትልቅ ክፍል ይይዛል። ጾሙ ሊገባ ሲል የእንቁላል ነጋዴው ስልክ ማንሣት ያቆማል። እንቁላሉ በመኝታ ቤታችን፣ በአልጋ ሥር፣ በመደርደሪያ ላይ ይደረደራል። በወረደ ዋጋ እንሸጣለን፣ ሌላውን ለዳቦ ቤት በዱቤ እንሰጣለን፣ የተረፈው ይበላሻል። ዶሮዎቹ ደግሞ በዕለቱ መኖ ይፈልጋሉ። ከዚያ ፋሲካ ሲቃረብ፣ አንድ ዶሮ ወጥ አሥራ ሁለት እንቁላል በሚፈልግበት ሳምንት፣ ዋጋው በአንድ ጊዜ ይሰቀላል፤ ሸማቹም አርቢው ዘረፈኝ ይላል። በጾሙ ዕዳ ገብቶ ዶሮዎቹን የሸጠ አርቢ ግን በዚያ ሳምንት የሚሸጠው እንቁላል የለውም።

የድጋፉ የጊዜ ሰሌዳ ይህን ሊያውቅ ይገባል። በጀት በሐምሌ ተጀምሮ፣ ጨረታው አልቆ፣ አዲስ የተፈለፈሉ ጫጩቶች በጥቅምት መጀመሪያ ቢገቡ፣ በሃያኛው ሳምንት መጣል የሚጀምሩት የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። ጀማሪው አርቢ ገንዘቡን ሁሉ በመኖ ጨርሶ የመጀመሪያ እንቁላሉን ይዞ ገበያ ሲወጣ ዐቢይ ጾም ይቀበለዋል። እነዚያው ጫጩቶች በኅዳር መጨረሻ ቢገቡ ግን መጣል የሚጀምሩት በሚያዝያ ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምባቸው፣ እንቁላል ከሌላው ጊዜ ይበልጥ የሚፈለግባቸው ናቸው። አንዲት ዶሮ ከዓመት በላይ ስለምትጥል ጾምን ጨርሶ ማምለጥ እንደማይቻል አውቃለሁ፤ ግን ጥሪት የሌለውን ሰው በመጀመሪያው ወር ገደል አፋፍ ላይ አለማቆም ይቻላል። ይህ አንድ ብር ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም። የግዢ ክፍሉ ከአርቢው ጋር አንድ የቀን መቁጠሪያ ቢመለከት ይበቃል።

በጾም ወቅት የሚተርፈውን እንቁላል በተመለከተ ደግሞ በጣም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገራችን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው የመቀንጨር ችግር ነበረባቸው። መንግሥት በሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ያለውን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት ቃል ገብቷል። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ጾም አይገደድም። ይሁንና በብዙ ቤት ወላጆች ሲጾሙ የፍስክ ድስት አይጣድም፣ ሕፃኑም በዚያው ሰበብ ሽሮ ይበላል። እኛ ጋ እንቁላል በአልጋ ሥር በሚበላሽበት በዚያው ሳምንት ማለት ነው። መዋዕለ ሕፃናት፣ የከተማ ምገባ ፕሮግራሞች፣ ሆስፒታሎች በጾም ወራት ከአርቢ ማኅበራት አስቀድሞ በተዋዋሉት ዋጋ እንቁላል ቢገዙ፣ የወላጆችን ፈቃድና እምነት አክብረው፣ ለዚህ ዕድሜ ሕፃናት ቢሰጡ፣ ሁለት ችግሮች በአንድ ውል ይቃለላሉ። በዚህ ላይ በጾሙ የመጨረሻ ሳምንታት የተጣለው እንቁላል፣ ሳይታጠብ፣ ንጹሕና ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ ለበዓሉ ገበያ ይደርሳል። አበባ ለሚልኩ እርሻዎች ማቀዝቀዣ ክፍል እዚሁ አካባቢያችን ተሠርቷል፤ ለእንቁላል አርቢ ማኅበራትም አንድ የጋራ ክፍል ቢታሰብ ብዙ አይደለም።

ብድርን በተመለከተ የማነሣው ቀላል ጥያቄ ነው። ጫጩት የምትጥለው በአምስተኛው ወር ነው፤ የብድር ክፍያ ግን ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ወር ይጀምራል። ብድሩን የወሰደው ወጣት ከብድሩ ላይ ቆርሶ ብድሩን ይከፍላል፣ የሚጎድለውን ከመኖው ይቀንሳል፣ መኖው ሲቀንስ እንቁላሉ ይቀራል። ለእንቁላል ዶሮ የሚሰጥ ብድር ቢያንስ የሰባት ወር የእፎይታ ጊዜ ያስፈልገዋል። ስለ መያዣም እንዲሁ፦ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147 እንስሳትን ጨምሮ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና እንዲሆን ፈቅዷል። በእኛ ደረጃ ያለ አርቢ ብድር ሲጠይቅ የሚባለው ግን አሁንም የቤት ካርታ አምጣ ነው። በርካታ ሴቶች በስማቸው ካርታ የላቸውም፤ ዶሮዎቹ ግን የእነርሱ ናቸው። ሚኒስቴሩ ከብሔራዊ ባንክ ጋር ተነጋግሮ የተከተበና የተመዘገበ መንጋ እንዴት ዋስትና እንደሚሆን ግልጽ አሠራር ቢያወጣ አዋጁ ወደ እኛ ግቢ ይገባል።

የሚቀጥለውን በጀት ዓመት ዕቅድ ስታዘጋጁ የወረዳ ሪፖርት ቅጹ ላይ ሁለት ጥያቄዎች እንዲገቡ እጠይቃለሁ። ከታደሉት ጫጩቶች በሠላሳኛው ሳምንት በሕይወት ያሉት ስንት ናቸው? በቀን ስንት እንቁላል ይጥላሉ? የልማት ጣቢያ ሠራተኞቻችን ትጉሆች ናቸው፤ የሚጠየቁትን ነው የሚሠሩት። ይህን ከተጠየቁ ስለ መኖና ስለ ክትባት ከእኛ በላይ እነርሱ ይጮሃሉ።

በአካባቢያችን ያለን አርቢዎች የየቀኑን መኖ፣ የተለቀመ እንቁላልና የሞተ ዶሮ የምንጽፍበት ደብተር አለን። አንዳንዱ ደብተር ኩስ የነካው፣ ጠርዙ የተበላ ነው፤ ቁጥሩ ግን እውነተኛ ነው። ባለሙያ ብትልኩ ገጽ በገጽ እናሳየዋለን፤ አዲሱን ቅጽ በማንኛውም ቀበሌ ከመጀመራችሁ በፊት በእኛ ግቢ ልትሞክሩት ከፈለጋችሁም በራችን ክፍት ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አንድ የእንቁላል ዶሮ አርቢ
ቢሾፍቱ